ለሽፈራው ያዋስኩት ዱላ

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ዘነበች ሽንኩርት ግዛ ብላ ላከችኝ። ለገና በዓል ሁለት ሳምንት ቀርቷል፤ ሽንኩርቱ ደግሞ ከበዓሉ ቀድሞ ነው የሚወደደው። እኔ የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ብርድ ከገባ ወዲህ ጉልበቴ ከአልጋ አልወርድም እያለ ያስቸግረኛል። "አንተ እኮ ስትቀመጥ ነው የምታረጀው፤ ትንሽ ተንቀሳቀስ!" ትለኛለች። እንዲህ ስትለኝ ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ተቀመጥኩም ተንቀሳቀስኩም ማርጀቱ አልቀረልኝም። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ ጋቢዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ባጃጅ ልያዝ ብል፣ ከቤቴ እስከ ገበያው የሚጠይቁት እኛ በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ደርሰን የምንመለስበትን ነው። ምን ይደረግ፣ በእግሬ እያዘገምኩ ሄድኩ።

ሰልባጅ ልብስ የሚዘረጉት ልጆች ካሉበት ጀርባ ስደርስ አንድ ሽታ ያዘኝ። ወይራ እንጨት እሳት ሲለበልበው የሚሸተው ነው። የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ለኔ ግን የወተት ሽታ አይደለም። እኛ አገር ገና ሲቃረብ የገና ዱላ ጫፉ እንዲቆለመም እሳት ያሳዩታል፤ ያን ጊዜ ነው መንደሩ ሁሉ እንዲህ የሚሸተው። ቀና ብል ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ዱላዎች አየሁ፣ አሥር ቢሆኑ ነው። መያዣቸው ላይ የፍየል ቆዳ ተጠምጥሞባቸዋል፤ ሦስት ዙር ወደ ቀኝ፣ አንድ ዙር ወደ ግራ። እንዲህ አድርጎ የሚጠመጥም ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ሻሽ የመሰለ ነገር በራሱ ላይ ያሠረ ሽማግሌ ከቆርቆሮ የተሠራ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ አንዱን እንጨት እያገላበጠ ይለበልባል። "እንደምን ዋሉ አባቴ፣ ዱላው እንዴት ነው?" አልኩት።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ለልጅ ልጅዎ ነው?" አለኝ ቀና ሳይል።

"ለራሴ ነው።"

"ለራስዎ!" አለና ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ቀና አለ። ዓይኑ ፊቴ ላይ አልደረሰም፤ ቀኝ እግሬ ላይ ቀረ። የእግሬ ጣቶች ወደ ውጭ ነው የሚያዩት፤ ሳልራመድ እንኳ ያስታውቃል። እግሬን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ እንጨቱን ከእሳቱ አነሳና "ደምሴ" አለኝ።

ሽፈራው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ባገኘው አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ ብዬ የተቀመጥኩለት ሰው። እግሬን የሰበረው ሆን ብሎ ነው ወይስ ሳያስበው? ይህችን ነበር የምጠይቀው፤ ሌላ ምንም የለኝም።

እኔን ለማያውቅ፣ ዛሬ የሚያውቀኝም የለም፣ ድሮ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። እንዲያው የሰፈር ተጫዋች አይደለም፤ ለብሔራዊ ቡድን ቀኝ ተመላላሽ ነበርኩ፣ ሁለት ቁጥር። "ቆንጥር" ነበር የሚሉኝ። ካርቱም ሄደን አንድ ፈጣን ክንፍ ተጫዋች ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሊያስለቅቀኝ ሲታገል አልለቅ ስላልኩት፣ የቡድናችን በረኛ ነው ያወጣልኝ። የጀመርኩት ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ሜዳው ውርጭ አንጥፎበት ስለሚያድር ልምምድ የምንጀምረው ፀሐይ ትንሽ ካሞቀችው በኋላ ነበር። ጫማ የለም፤ ማለቴ ጫማ አለ፣ ለሦስት ሰው አንድ ነው። ተቀይሮ የወጣ አውልቆ ለሚገባው ይሰጣል፤ የሰፋው ጋዜጣ ይጠቀጥቅበታል። ከልምምድ በኋላ የምንሄድባት ጠባሴ ሰፈር አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥር። ባለቤቷ ሴትዮ፣ ስናሸንፍ ቦምቦሊኖውን ተለቅ አድርጋ ትጠብስልናለች፤ የተሸነፍን ቀን ሻዩ እንኳ በደንብ አይሞቅም። አሁን በዚያ ቦታ ባለ አምስት ፎቅ ቆሟል፣ ታች ስልክ ይሸጡበታል። ባለፍኩ ቁጥር ከመስተዋቱ ውስጥ የቦምቦሊኖ ሽታ የሚመጣ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ትልቅ ክለብ ስገባ በመጀመሪያው ደመወዜ ፒያሳ ሄጄ ቤልቦተም ሱሪ አሰፋሁ። ፋሽኑ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው፤ ማን ይንገረኝ! የሱሪው ጫፍ አስፋልት ይጠርጋል፣ ጎፈሬዬን በማበጠሪያ አቁሜዋለሁ፣ ካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን በራቸው ላይ ሰቅለው ትዝታ ይለቃሉ፤ እኔ ደግሞ ዘፈኑ ለኔ የተዘፈነ እየመሰለኝ ከላይ ወደ ታች እመላለሳለሁ። በዓመቱ ለሀገር ተጠራሁ። አሥራ አንድ ጨዋታ ተጫውቻለሁ። ናይሮቢን፣ ካርቱምን፣ ዳሬሰላምን አይቻለሁ። ከዳሬሰላም ባሕሩ አይደለም ትዝ የሚለኝ፣ ላቡ ነው። ጉም ለብሼ ያደግኩ የአንኮበር ልጅ እኮ ነኝ! ሆቴሉ ማቀዝቀዣ ነበረው፤ እስከ መጨረሻው ከፈትነውና ብርድ ልብስ ተከናንበን ተኛን። ጠዋት ግማሹ ቡድን በጉንፋን ድምፁ ተዘግቶ ተነሣ። መለያዬ አረንጓዴ ናት። ቁጥሯ በእጅ ስለተሰፋች ሁለቷ ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ዘነበች ብል እንዳይበላት በየጊዜው አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣታለች። "ይቺን ልብስ ለብሰህ ባገባኸኝ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ እኔ የደረሰኝ አንካሳው ነው" ትላለች። ቀልዷ ነው፤ እኔም እስቃለሁ፣ አንዳንዴ።

ሽፈራውና እኔ አንኮበር ነው ያደግነው፤ እኔ የላይ ሰፈር፣ እሱ የታች ሰፈር። በመካከላችን አንድ ዳገት ብቻ ነው ያለው። አባቱ ቀድመው አረፉ። ሁለቱ በሬዎቻቸው በአንድ ክረምት አለቁ። ከዚያ ወዲህ ሽፈራው በሬ እየተዋሰ ነበር የሚያርሰው፤ ሁለት ቀን ለሰው ሠርቶ በሬውን ለአንድ ቀን ያገኛል። ሞፈርና ቀንበር ሳይቀር ተውሶ እናቱን እማማ አስካለን ያኖር ነበር። እጁ ግን ወርቅ ነው። ጫካ ወርዶ ከተፈጥሮው ጎበጥ ያለውን ወይራ መርጦ ይቆርጣል፣ ይልጣል፣ ትኩስ ረመጥ ውስጥ ቀብሮ ሲለሰልስ በገመድ ወጥሮ ያሳድረዋል። ያገሩ ጎረምሳ ሁሉ ገና የሚጫወተው እሱ በሠራው ዱላ ነበር። ለኔም አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ሠርቶልኛል። "ይቺ ባንተ ቁመት ናት፣ ለሌላ ሰው አትሆንም" ብሎ ነው የሰጠኝ። ለሀገር መጫወት ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ አንኮበር ላይ ሬዲዮ የነበረው ወፍጮ ቤቱ ነበር። ጨዋታ ሲኖር ባለወፍጮው ሞተሩን ያጠፋል፤ እህል ያመጣ ሁሉ ተቀምጦ ይሰማል። ሽፈራው የሚያስፈጭ እህል ሳይኖረው ይመጣ ነበር አሉ፣ ስሜን ሊሰማ።

የዚያን ዓመት ለአንድ ትልቅ ውድድር ተመርጠን ካምፕ ገባን። ጥሩ ለተጫወተ የውጭ ክለቦች ዓይን ይጥሉበታል ይባል ነበር፤ ሌሊት ሌሊት እሱን ነበር የምናልም። ለገና ሦስት ቀን ተፈቀደልን። አሠልጣኛችን፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው አንድ በአንድ ጨበጡን። "ብሉ፣ ጠጡ፣ እናት ሳሙ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የገና ዱላ እንዳትነኩ" አሉ። እሳቸውም የገጠር ልጅ ነበሩ፣ ያውቁናል። "ኧረ ጋሼ፣ እኛ እኮ ልጆች አይደለንም!" ያልኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ለምን ተጫወትክ ይሉኛል። በገና ቀን አገሩ ላይ ያለ ወንድ ዳር ቆሞ አያይም፤ ታሟል ወይም ፈርቷል ይባላል እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም። ግን እውነቱ ልታይ ብዬ ነው። ናይሮቢ ስታዲየም ሙሉ ሰው ከሚያየኝ የእናቴ ጎረቤቶች ቢያዩኝ ይበልጥብኝ ነበር። አዲስ ሹራብ ለብሼ፣ ጎፈሬዬን አቁሜ ወደ መስኩ ስወርድ ሴቶቹ እልል አሉልኝ። ከዚያ ወዲያ አሠልጣኙን ማን ያስታውሳቸዋል!

ሽፈራውን መስኩ ጥግ ላይ ባዶ እጁን ቆሞ አገኘሁት። "ዱላህስ?" አልኩት። "ኧረ ተወው፣ ዛሬ ዳር ቆሜ አያችኋለሁ" አለኝ ወደ መሬት እያየ። ለበዓሉ የሠራውን ሁሉ በገብስ ለውጦ ለራሱ አላስቀረም። "ምን ሲደረግ!" ብዬ ቤት ሮጥኩ፤ የሟቹን አባቴን ዱላ ለራሴ ያዝኩና እሱ የሠራልኝን፣ በጭስ የጠቆረችውን የኔን ዱላ፣ ከአጥሩ ጀርባ ሰጠሁት። "ያዝ፣ የራስህ እጅ ሥራ ናት" አልኩት። ፈገግ አለ። "ነገ እመልስልሃለሁ" አለኝ። እሱ በታች ሰፈር በኩል ገባ፣ እኔ በላይ ሰፈር።

የገና ጨዋታን ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። ሩር የምትባል ከእንጨት የተጠረበች፣ ከብርቱካን የማትበልጥ ኳስ አለች። እሷን በዱላ እየመቱ ተቃራኒው ዳር ማድረስ ነው። ግን ግማሹ ጨዋታ ግጥሙ ነው። ያገባው ወገን ይዘፍናል፣ የተሸነፈውን ይሳደባል፤ በቁመቱ፣ በመልኩ፣ በኑሮው። ገበሬው ባለሥልጣኑን፣ ልጅ አባቱን ይሰድባል። መቀየም ነውር ነው። እንደዚሁም ተመትቶ የወደቀ ሰው ማን መታኝ፣ ለምን መታኝ ብሎ አይጠይቅም፤ ሜዳ ላይ የሆነ ሜዳ ላይ ይቀራል። በዚያን ቀን ሁለቱንም ግብ ያገባሁት እኔ ነኝ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ዘፍኛለሁ፤ ምን እንዳልኩ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ከሁለተኛው ግብ በኋላ ልጆቹ በትከሻቸው ተሸክመውኝ አገሩ ሁሉ በሳቅ ሲፈርስልኝ ነው።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሩሯ ወደ እኔ መጣች። መታኋት፣ ሄደች። ሩሯ ከሄደች በኋላ የሽፈራው ዱላ መጣና ቀኝ እግሬን ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ አገኘው። እንዲህ ነው ለሚስቴም፣ ለተማሪዎቼም፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ያወራሁት፤ ባዋስኩት በገዛ ዱላዬ ሰበረኝ እያልኩ። ቋ አለ። ሰው ሁሉ ዱላው የተሰበረ መስሎት ነበር። ዱላውስ ደኅና ነበር።

በዓል ስለሆነ ለሦስት ቀን ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ መኪና የለም። ወጌሻ ተጠራ፤ እግሬን አሽቶ፣ ስቦ፣ በቀርቀሃ አሠረውና "አርባ ቀን" አለ። ወደ ውድድሩ የሚወስደን አውሮፕላን የሚነሣው በስምንተኛው ቀን ነው። በአራተኛው ቀን በቃሬዛ አድርገው ዳገቱን ወደ መኪና መንገዱ አወጡኝ። ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመው ሽፈራው ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጀርባውን እያየሁ ሄድኩ። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዶ በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል። አንድም ጊዜ ዞር አላለም፣ አንድም ቃል አልተናገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ደንቡ ነዋ። ደብረ ብርሃን ሐኪሙ ቀርቀሃውን ልፍታና በትክክል ልሠረው ሲል አጎቴ "ወጌሻው አርባ ቀን ብሏል፣ አይነካም!" ብሎ ተጣላው። እኔም አጎቴን ደገፍኩ፤ በሐኪም ከታሠረ የሚቆረጥ መስሎኝ። አርባው ቀን ሲሞላ እግሬ ገጥሟል፤ የገጠመው ግን ዞሮ ነው። ጨዋታውን ተኝቼ በሬዲዮ ሰማሁት። ጋዜጠኛው "ሁለት ቁጥር" ካለ በኋላ የሌላ ሰው ስም ጠራ። ሬዲዮኑን አላጠፋሁትም፤ እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

የኔ ኳስ እዚያ ላይ አለቀች። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የስፖርት መምህር ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ፊሽካ ነፋሁ። ተማሪዎቹ ከኋላዬ አረማመዴን ሲያስመስሉ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ይታየኝ ነበር። ሽፈራው በዚያው ዓመት ለሰፈራ ተመዝግቦ፣ እናቱን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ አሉኝ። ሳይሰናበተኝ! እንግዲህ ጥፋት ባይኖርበት ለምን ይሸሻል? ቀናብኝ አልኩ። አውሮፕላኑ፣ ሹራቡ፣ እልልታው አናደደው አልኩ። ደግሞ በሌላ ቀን፣ ኧረ ሽፈራው እንዲህ አይደለም፣ እህል ሳይኖረው ወፍጮ ቤት የሚሄድልኝ ሰው ነው እላለሁ። ጉልበቴ በጠዘጠዘኝ ቁጥር ከራሴ ጋር እከራከር ነበር። ደከመኝ፣ እውነቴን ነው። እግር መሰበር እንዲህ አያደክምም።

አሁን ከገበያው ዳር አንዲት ሻይ የምትሸጥ ልጅ ጋ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ይዟል። አርጅቷል፤ ከኔ የባሰ። የሄደበትን አገር ነገረኝ። በቆሎው ከሰው በላይ ይቆማል፤ ቡናም ተክሎ ነበር፣ የራሱ በሬዎችም ነበሩት፣ አራት። "አራት በሬ ደምሴ!" አለኝ በጣቶቹ እያሳየኝ። እማማ አስካለ እዚያው ጠግበው፣ ተከብረው አረፉ፤ እዚያው ተቀበሩ። ከዚያ ጊዜው ተበላሸ። አንድ ቀን ከማሳ ሲመለሱ ቤቱ ይነድዳል። ከሚስቱና ከልጁ ልጆች ጋር በእግር፣ በመኪና፣ እንደምንም ብለው ደብረ ብርሃን የተፈናቃዮች መጠለያ ደረሱ። "ሸራው ውርጭ አይመክትም" አለ። "አንኮበር አልሄድክም?" ስለው "ማን አለኝ? መሬቱንም ሌላ ሰው ነው የሚያርሰው። በየትኛው ፊቴ!" አለኝ። አንጀቴን በላው። ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ የገዛ ነገሬን ማንሣት አፈርኩ። ግን ዛሬ ካልጠየቅኩት መቼ ልጠይቀው ነው?

"ሽፈራው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ" አልኩት።

"ጠይቀኝ። ይኸው አርባ ዓመት ስጠብቅህ!" አለ።

"ያን ዕለት ሆን ብለህ ነው?"

አልተቆጣም። ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሩሯ የት ነበረች?" ብሎ መልሶ ጠየቀኝ።

"ሄዳ ነበር።"

"የት ትሄዳለች! በእግርህ አቁመሃት ነበር እኮ። እንደ ኳስ። ሰው ሲስቅልህ ጊዜ ረገጥካትና እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ 'ና ውሰዳት' አልከኝ። እኔ ሩሯን ነው የመታሁት።"

አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ያቺ ሩር ከጫማዬ ሥር ቆረቆረችኝ። ዓመታት ሙሉ ሄደች ያልኳት ሩር እዚያው ነበረች፤ በዱላ የሚጫወቱትን ጨዋታ በእግሬ ላሳያቸው ብዬ፣ ብሔራዊ ተጫዋች ነኝ ብዬ፣ ረግጫታለሁ።

"እንግዲያው አንተ ምንም አላጠፋህም" አልኩት።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም" አለኝ። ጠረጴዛውን በጣቱ ቀስ እያለ እየመታ፣ የድሮውን የገና ዜማ ይዞ፣ ሻይ ሻጯ እንዳትሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ አወረደው፦

በሬ የተዋሰው፣ ቀንበር የተዋሰው፣
የገናውን ዱላ ከማን ተዋሰው?

"ማን ነው ይህን ያለው?" አልኩት።

"ታዲያ ማን ሊል ነው? ከሁለተኛው ግብ በኋላ፣ ትከሻ ላይ ሆነህ! ግጥም ታውቅበት ነበር እኮ" አለና ሳቅ አለ። ከዚያ ሳቁ ቀረ። "በበሬው አልተቀየምኩም፤ አገር የሚያውቀው ነው። ዱላውን ግን አንተና እኔ ብቻ ነበርን የምናውቀው። ከአጥር ጀርባ ነው የሰጠኸኝ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር። ሁሉም ሲስቅ እሷም ሳቀች፣ ደንብ ነውና። ወደኔ እያየች ነው የሳቀችው። ሩሯን ነው የመታሁት፣ በማርያም! ግን እግርህ ቋ ሲል ደስ አለኝ ደምሴ። ምራቅ እስክትውጥ ድረስ ብትሆን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ቃሬዛውን ስሸከም ያቺን ደስታ ነበር የምሸከመው። ዞሬ ፊትህን ማየት አቃተኝ። ሰፈራ ሲሉ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

የሻይ ዋጋ አልረሳሁም። የቦምቦሊኖውን፣ የሱሪውን ስፋት፣ የዳሬሰላምን ላብ፣ ሁለቷ ቁጥር ወደየት እንደምታዘነብል አልረሳሁም። የገዛ አፌ ያወጣውን ግን ረሳሁ፤ ሰው ሁሉ ሲስቅልኝ ስለነበር ማንንም የጎዳሁ አልመሰለኝም። አርባ ዓመት እሱን ስከስ ዳኛውም ምስክሩም እኔ ነበርኩ። "አፉ በለኝ ሽፈራው" አልኩት። ሽማግሌ ገበያ መሃል ሲያለቅስ አያምርም፤ አለቀስኩ።

"አፉ ብያለሁ። ባልል ኖሮ ይህን ሁሉ እለፈልፍልህ ነበር? አንተም አፉ በለኝ" አለኝ። አልኩት። ተነሥቶ ወደ ዱላዎቹ ሄደና አንድ በአንድ አየ። አንዱን አነሣ፣ መለሰው። ሌላውን አንሥቶ ከጎኔ አቆመና በዓይኑ ለካኝ። "አጥረሃል" አለ። ጫፉን በቢላዋ ሁለት ጣት ያህል ቆረጠለት፣ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገውና ሰጠኝ። "ነገ እመልስልሃለሁ ብዬህ ነበር። ትንሽ ቆየሁ" አለኝ። ዋጋ ልጠይቀው አልደፈርኩም።

ጎባጣውን ወደ ላይ አድርጌ እየተመረኮዝኩ ወደ ቤቴ አቀናሁ። ዱላዋ ልኬ ናት። ከስንት ዘመን በኋላ ደረቴ ቀለለኝ፣ ውርጩን እንኳ አልሰማሁትም፤ የፊታችን ቅዳሜ የዘነበችን ትርፍ ብርድ ልብስ ይዤለት እሄዳለሁ እያልኩ በልቤ አቅዳለሁ። አንድ እርምጃ፣ አንድ ዱላ፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ ዱላ ስል ሳላውቀው ከንፈሬ ያንን ዜማ ይዞታል። በሬ የተዋሰው፣ ቀንበር የተዋሰው አልኩ። ከማን ተዋሰው ብዬ ሳበቃ አፌ አልቆመም። ተከታዩ ስንኝ ራሱ መጣ፣ ቤት መትቶ፣ ትናንት እንደተባለ ሆኖ። መንገዱ መሃል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋብኝ።

ያቺን አልጽፋትም። እማማ አስካለ በስማቸው ተጠርተውባታል።

ቤት ስገባ ዘነበች ዱላውን አየች፣ ባዶ እጄን አየች። "ሽንኩርቱስ?" አለችኝ። ረስቼዋለሁ አልኳት። "አንተ ደግሞ የማትረሳው ምን አለ!" ብላ ነጠላዋን አንሥታ ራሷ ወጣች። እኔ ጋቢዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ሽፈራው አንደኛዋን ስንኝ ብቻ ነው የነገረኝ። ሁለተኛዋን እንደረሳኋት ሲያይ ተወልኝ።